ደግነትና ዋጋው በድራማ ጽሑፍ ትምህርት ውስጥ

የፊልምና የቴሌቪዥን ድራማ መጻፍ ለሚማሩ ጀማሪዎች በሚሰጥ ሥልጠና ውስጥ አሠልጣኙ በአብዛኛው የሚያስተምረው ትዕይንት እንዴት እንደሚከፈት፣ ግጭት እንዴት እንደሚከርር፣ ቃለ ተውኔት ማለትም ገጸ ባሕርያት የሚለዋወጡት ንግግር እንዴት አጥሮና ጠርቶ እንደሚጻፍ ነው። እነዚህ በልምምድ የሚገኙ የሙያ ጉዳዮች በመሆናቸው ብዙ ክርክር አያስነሡም። ሠልጣኞቹ የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን አንብበው ሲጨርሱ ግን ከሙያ የሚያልፍ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ እርሱም በታሪኩ ውስጥ በቅንነት የኖረው ሰው በመጨረሻ ምን ያገኛል፣ በደለኛውስ ምን ይደርስበታል የሚለው ነው። ጥያቄው የመጨረሻውን ገጽ ብቻ የሚመለከት ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ጸሐፊው ዓለም በምን ሕግ እንደምትተዳደር የሚያምነውን እምነት የሚመረምር ነው። ስለዚህም ድራማ መጻፍን የሚያስተምር ሰው፣ ቢያስበውም ባያስበውም፣ ስለ ብድራት፣ ማለትም ሥራ ለሠሪው ስለሚያስከትልለት ዋጋ አንድ ትምህርት ማስተማሩ አይቀርም።

ነገሩን በአንድ የመለማመጃ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አሠልጣኙ ለሁሉም ሠልጣኞች አንድ ዓይነት መነሻ ሰጠ እንበል፤ በአንድ የባልትና መደብር ተቀጥራ የምትሠራ ወጣት አሠሪዋ በርበሬው ላይ የተፈጨ ሸክላ እንደምትቀላቅል ትደርስበታለች፤ እናቷ ታማ ተኝታለች፣ የቤት ኪራይ መክፈያው ቀን ደርሷል፣ ሌላ ሥራ የላትም። ከዚህ መነሻ የሚወጡት የጀማሪዎች ጽሑፎች በመካከላቸው የቱንም ያህል ቢለያዩ በፍጻሜያቸው መመሳሰል ይቀናቸዋል፤ ወጣቷ እውነቱን ታወጣለች፣ ከሥራ ትባረራለች፣ ለጥቂት ትዕይንቶች ትቸገራለች፣ ከዚያም ፖሊስ ይደርሳል፣ አሠሪዋ እጇን በካቴና ታስራ ትወሰዳለች፣ ወጣቷ የራሷን የባልትና መደብር ትከፍታለች፣ እናቲቱም ከአልጋዋ ትነሣለች። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ክፉ አሳብ የለም፤ ጸሐፊው ለቅን ሰው ከልቡ ይራራል። ሆኖም የእናቲቱ መዳን ከልጅቷ እውነት መናገር ጋር አንዳች የምክንያት ዝምድና የለውም፤ ሴትዮዋን ከአልጋዋ ያስነሣት መድኃኒት ወይም ሐኪም ሳይሆን ጸሐፊው ለልጅቷ ሊከፍላት የፈለገው ካሣ ነው። አሠልጣኙ ይህን ሲያመለክት ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው መልስ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ተመልካቹ ደግነት እንደሚያዋጣ ካላየ ለምን ደግ ይሆናል ይላል።

ይህ መልስ ረጅም ታሪክ አለው። ፕሌቶ፣ በጥንቱ የግእዝ አጠራር አፍላጦን፣ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል ላይ ስለ ሥርዓተ ትምህርት ሲነጋገር ግፈኞች ደስተኞች፣ ጻድቃን ግን ጎስቋሎች ሆነው የሚታዩባቸውን ታሪኮች ባለቅኔዎች እንዳይናገሩ መከልከል እንደሚገባ አመልክቶ ነበር። ከእርሱ በኋላ ሁለት ሺህ ዓመት አልፎ በ17ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ እንግሊዛዊው ሐያሲ ቶማስ ራይመር ያንኑ አሳብ ለተውኔት ጸሐፊዎች ደንብ አድርጎ አቀረበው፤ ደራሲ ለደጉ እንደ ደግነቱ፣ ለክፉው እንደ ክፋቱ መክፈል አለበት የሚለውን ይህን ደንብ በአማርኛ የድርሰት ፍትሕ ብሎ መጥራት ይቻላል። ደንቡ ምን ያህል ኃይል እንደነበረው ለማወቅ የሼክስፒርን «ንጉሥ ሊር» ዕጣ ማየት ይበቃል። በተውኔቱ መጨረሻ ላይ ምንም በደል የሌለባት ኮርዴሊያ ተሰቅላ ትሞታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1681 ናሁም ቴት የተባለ ጸሐፊ ግን ኮርዴሊያ እንድትተርፍና እንድታገባ፣ ሽማግሌው ንጉሥም ወደ ዙፋኑ እንዲመለስ አድርጎ ተውኔቱን እንደገና ጻፈው፤ የእንግሊዝ መድረክም እስከ 1838 ድረስ በአብዛኛው ሲያሳይ የኖረው ይህንኑ የተስተካከለ ፍጻሜ ነበር። ታላቁ ሐያሲ ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ የኮርዴሊያ ሞት እጅግ ስላስደነገጠው የሼክስፒርን ሥራዎች ለኅትመት የማዘጋጀት ግዴታ እስኪመጣበት ድረስ የመጨረሻዎቹን ትዕይንቶች ደግሞ ለማንበብ አልደፈረም። የጆንሰንን ድንጋጤ መናቅ አይገባም፤ ንጹሕ ሰው ያለ ምክንያት ሲጠፋ የማይደነግጥ ልብ ድራማ ሊጻፍለትም የሚገባ ልብ አይደለምና።

ደንቡ ከመድረክ ወደ ፊልም ሲሻገር ሕግ ሆነ። በአሜሪካ የፊልም ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1930 ያጸደቁት፣ በ1934 በጥብቅ ሥራ ላይ የዋለውና እስከ 1968 የቆየው የምርት ደንብ ከረቂቁ አዘጋጆች መካከል አንዱ ዳንኤል ሎርድ የተባሉ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ። ደንቡ ወንጀል የተመልካችን ርኅራኄ በሚያገኝበት አኳኋን እንዳይቀርብ ያዝዝ ነበር፤ በተግባርም ወንጀለኛ ሳይቀጣ ፊልም አያልቅም ማለት ሆነ። ይህ ወዴት እንዳደረሰ ከ1956ቱ «ዘ ባድ ሲድ» ከተባለው ፊልም በግልጽ ይታያል። ፊልሙ የተመሠረተበት ልብ ወለድና ተውኔት ሰው የገደለች አንዲት ትንሽ ልጅ ማንም ሳይጠረጥራት በሕይወት ስትቀር ይፈጸማሉ፤ የሚያስፈራውም ነገር ይኸው ነው። ፊልሙ ግን እንዲህ ሊፈጸም ስላልቻለ ልጅቷ በዝናብ ወደ ውኃ ዳር ወጥታ በመብረቅ ተመትታ እንድትሞት ተደረገ። የፊልሙ ሠሪዎች በታሪኩ ውስጥ የሚቀጣት ሰው አላገኙምና ከሰማይ አወረዱት። ሃይማኖትን ለማስከበር የወጣ ደንብ እግዚአብሔርን የጸሐፊዎች ችግር ማቃለያ አድርጎ ማስቀረቱን ላስተዋለ ሰው ይህ መብረቅ ለአምልኮ ክብር የሚጨምር ሆኖ አይታየውም።

በሥልጠና ክፍሎች ውስጥ ዘወትር የሚጠቀሰው አርስቶትል በዚህ ጉዳይ ላይ የሚለው ብዙዎች ከሚያስተምሩት የጠለቀ ነው። «ስለ ሥነ ግጥም» በተባለው ድርሰቱ ሴራን፣ ማለትም የድርጊቶችን ቅንብር፣ የድራማ ነፍስ ይለዋል፤ በሴራም ውስጥ አንዱ ድርጊት ከሌላው ቀጥሎ መምጣቱ ብቻ እንደማይበቃና በሌላው ምክንያት መምጣት እንዳለበት ያስረዳል። ደጉ የሚሸለምበትንና ክፉው የሚቀጣበትን ባለ ሁለት ፈርጅ ፍጻሜ ከነገረ ሐዘን፣ ማለትም ከትራጄዲ ደረጃዎች ሁለተኛ ያደርገዋል፤ አንደኛ የሚያደርጉት ሰዎች መኖራቸውን አልሸሸገም፤ ምክንያቱን ግን ለተመልካች ደካማነት ይሰጠዋል፤ ባለቅኔዎች ሕዝቡ የሚመኘውን ስለሚከተሉ ነው ይላል። ሆኖም እርሱም ቢሆን ነገሩን በአንድ ወገን ብቻ አላየውም፤ በአርጎስ ከተማ ሚቲስ የተባለ ሰው ከተገደለ በኋላ ገዳዩ የሟቹን ሐውልት ቆሞ ሲያይ ሐውልቱ ወድቆበት እንደሞተ ጠቅሶ እንዲህ ያለ ነገር በአጋጣሚ የሆነ አይመስልምና ለሴራ የሚያምር መሆኑን ይመሰክራል። የሰው ልቡና በድንጋይ አወዳደቅ ውስጥ እንኳ ፍርድ መፈለጉን አርስቶትል ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ ሠልጣኝን ይህን ፍላጎት ከልብህ አውጣ ማለት ከንቱ ነው። ማስተማር የሚቻለው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ከድርጊቱ ውስጥ የበቀለውን ውጤት ከውጭ መጥቶ ከተለጠፈው ብይን መለየት ነው።

ይህ መለየት የሙያ ጥራት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የፍልስፍና ድርሰት አያስፈልገውም ነበር። ከዚህ በታች ያለው ግን ደግነት ምንድን ነው የሚለው ራሱ ነው። የፕሌቶ መጽሐፍ በሦስተኛው ክፍል የሚከለክለውን ታሪክ በሁለተኛው ክፍል ራሱ ይፈልገዋል፤ እዚያ ግላውኮን የተባለው ተናጋሪ ሰው ጽድቅን የሚወደው ስለ ራሷ ስለ ጽድቅ ነው ወይስ ስለምታስገኘው ክብርና ጥቅም የሚለውን ለማወቅ ሲፈልግ አንድ ፍጹም ጻድቅ ሰው እንዲታሰብለት ይጠይቃል፤ ይህ ሰው ጻድቅ ሆኖ ሳለ በሰው ሁሉ ዘንድ እንደ ግፈኛ የሚቆጠር፣ የሚገረፍ፣ የሚታሰር፣ በመጨረሻም ተሰቃይቶ የሚሞት መሆን አለበት። ዋጋው ሁሉ ካልተነጠቀ በስተቀር ጽድቁን ለብቻው ማየት አይቻልምና። በመጽሐፈ ኢዮብ መጀመሪያ ላይ ሰይጣን በእግዚአብሔር ፊት የሚያነሣው ጥያቄ በይዘቱ ከዚህ አይለይም፤ ኢዮብ እግዚአብሔርን የሚፈራው በነጻ ነው ወይስ ዙሪያውን ታጥሮለትና ሀብቱ ተባርኮለት ነው የሚል ነው። ክሱ ከባድ የሚሆነው ኢዮብ ሀብታም በነበረበት ዘመን ሊመለስ የማይችል በመሆኑ ነው። ያለ ማቋረጥ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ሥራውን ወድዶ ይሥራ ወይም ለደመወዙ ብሎ ይሥራ ማንም አያውቅም፤ ራሱም ላያውቅ ይችላል።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ለድራማ ጸሐፊ በቀጥታ የሚነገር ነው። ደግ ገጸ ባሕርይ ሁሉ ዋጋውን በሚያገኝበት ታሪክ ውስጥ ደግነት ሊታይ አይችልም፤ የሚታየው የተሳካ ንግድ ነው። ሠልጣኙ ተመልካቹን ደግ አደርጋለሁ ብሎ የከፈለው ካሣ ሊያሳየው የፈለገውን ነገር ራሱን ይሸፍንበታል። የባልትናዋ ወጣት እውነቱን ስትናገር የራሷን መደብር የምትከፍትበት ሌላ ገጽ እንደሚመጣ ጸሐፊው ያውቃል፤ ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ ደግሞ ሳያስበው በቃለ ተውኔቷ ውስጥ እርግጠኝነትን ይጨምርላታል፤ አትርበተበትም፣ ድምጿ አይደክምም፣ ስለ እናቷ መድኃኒት አታስብም። አሠልጣኙ የመጨረሻዎቹን አምስት ገጾች ወስዶ ወጣቷ ምንም እንደማታገኝ ተቆጥሮ እውነቱን የምትናገርበት ትዕይንት ብቻውን እንደገና እንዲጻፍ ቢያዝዝ ትዕይንቱ ይለወጣል፤ ልጅቷ ምናልባት በመጀመሪያው ቀን ዝም ብላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ምናልባት በርበሬውን የገዛች አንዲት እናት ሕፃን ልጇን አዝላ ስትመጣ ዓይኗን ማየት ያቅታታል፤ ስትናገርም የምትናገረው አጭርና ያልተሰናዳ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ሠልጣኙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመልሰው የሚገደደው ጥያቄ ይህች ልጅ ለምን ትናገራለች የሚለው ነው፤ ቀድሞ መልሱ በመጨረሻው ገጽ ላይ ተቀምጦ ስለነበር ጥያቄውን ማንሣት አላስፈለገውም ነበር።

የኢዮብ ወዳጆች የኤልፋዝ፣ የበልዳዶስና የሶፋር ንግግር በዚህ ረገድ ለሥልጠና ክፍል የሚሆን ትልቅ ምሳሌ ነው። ሦስቱ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ሲመጡ ልብሳቸውን ቀድደው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ሳይናገሩ አብረውት በምድር ላይ ተቀምጠዋል። ስሕተታቸው የጀመረው ታሪኩን ከፍጻሜው ወደ ኋላ ማንበብ ሲጀምሩ ነው፤ መከራ ካለ ኃጢአት አለ ብለው ስላመኑ ያልታየውን ኃጢአት መፈለግ ያዙ፤ የድርሰት ፍትሕን ደንብ በአንድ ሕያው ሰው ላይ ፈረዱበት ማለት ነው። መጽሐፉ ሲያልቅ እግዚአብሔር የተቈጣው ሲሟገተው በነበረው በኢዮብ ላይ ሳይሆን ለእርሱ ጥብቅና የቆሙ በመሰላቸው በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው። እርግጥ ነው፣ ኢዮብም በመጨረሻ ዋጋውን አግኝቷል የሚል ሠልጣኝ ይኖራል፤ ሊኖርም ይገባል፤ የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ ሀብቱ እጥፍ ሆኖ እንደተመለሰለት ይናገራልና። ይሁን እንጂ ቁጥሮቹን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። 7,000 የነበሩት በጎች 14,000፣ 3,000 የነበሩት ግመሎች 6,000፣ 500 ጥማድ የነበሩት በሬዎች 1,000 ጥማድ ሆነዋል፤ ልጆቹ ግን እንደ ቀድሞው ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ ሌሎች ልጆች ናቸው። የሞቱት አልተመለሱም። የመጽሐፉ ጸሐፊ ለከብት ካሣ እንደሚገኝለት፣ ለልጅ ግን እንደማይገኝለት በአንድ የቁጥር ዝርዝር ውስጥ አስቀምጦት አልፏል፤ ስለዚህ የኢዮብ ፍጻሜ መልካም ፍጻሜ ነው የሚል ሰው ፍጻሜው ውስጥ ያለውን ሐዘንም አብሮ መቁጠር አለበት።

በሃይማኖት የሚጸና ሠልጣኝ ከዚህ የበረታ ሙግት ሊያቀርብ ይችላል። እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ እንደ ሥራው እንደሚከፍል የምናምን ከሆነ ይህንኑ በድራማ ማሳየት እውነትን ማሳየት ነው እንጂ ሐሰት አይደለም ሊል ይችላል። ሙግቱ ትክክል የሚሆነው ብድራቱ የሚከፈልበት ጊዜ ከታወቀ ነው። ክርስትናም ሆነ እስልምና የመጨረሻውን ፍርድ ለመጨረሻው ቀን ሰጥተውታል፤ በስንዴውና በእንክርዳዱ ምሳሌ ውስጥ ባለቤቱ አገልጋዮቹን ሁለቱም እስከ መከር አብረው ይደጉ ብሎ የከለከላቸው ለመንቀል ሲቸኩሉ ስንዴውን አብረው እንዳይነቅሉት ነው። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች በወንጌል የተነገረውም፣ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ላቀረቡት ጥያቄ የተሰጠው መልስም ከአደጋና ከሕመም ተነሥቶ በሰው ላይ መፍረድን ይከለክላሉ። በቁርኣን ሱረቱል ካህፍ ውስጥ ነቢዩ ሙሳ ከአንድ ጥበብ ከተሰጠው የአላህ ባሪያ ጋር ይጓዛል፤ በትውፊት ኸድር የሚባለው ይህ ሰው የድኆችን ጀልባ ይበሳል፣ አንድ ልጅ ይገድላል፣ እንግድነት የነፈጋቸውን መንደር የዘመመ ግድግዳ ያለ ዋጋ ያቀናል፤ ሙሳ ሦስት ጊዜ መታገሥ አቅቶት ይቃወማል፤ ምክንያቶቹም የሚገለጡለት የሚለያዩበት ሰዓት ሲደርስ ነው። ሙሳ የተቃወመው በቅን ሕሊና ነው፤ ያየውም ግፍ የሚመስል ነገር ነበር፤ የጎደለው የታሪኩ ቀሪ ክፍል ነው። በዘጠና ደቂቃ ውስጥ ሒሳቡን ሁሉ ዘግቶ የሚያጠናቅቅ ጸሐፊ ይህን ቀሪ ክፍል አውቃለሁ የሚል ነው፤ ለፍርድ ቀንም የሚተርፍ ጉዳይ አያስቀርም። አማኝ የሆነ ጸሐፊ እምነቱ ያልፈቀደለትን ሥልጣን በድርሰቱ ውስጥ እንዲወስድ የሚገፋው ምን እንደሆነ ቢመረምር መልካም ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን የሚመጣው ከሃይማኖት ሳይሆን ሰውን ከሞት ለማትረፍ ከሚጻፈው ድራማ ነው። የሜክሲኮው የቴሌቪዥን አዘጋጅ ሚጌል ሳቢዶ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ጎልማሶች ትምህርት ተከታታይ ድራማ ካቀረበ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ፊደል ለመቁጠር ተነሣሥተዋል። የሳቢዶ ዘዴ ሰው ከሚያየው ሰው ሥራና ያ ሥራ ከሚያስከትለው ውጤት ይማራል በሚለው በሥነ ልቡና ሊቁ በአልበርት ባንዱራ ትንታኔ ላይ ያረፈ ነው፤ በታሪኩ ውስጥ በጎውን የሚወክሉ፣ ክፉውን የሚወክሉና በሁለቱ መካከል የሚዋልሉ ገጸ ባሕርያት ይኖራሉ፤ የመጨረሻዎቹ ተሸጋጋሪ ይባላሉ፤ አድማጩ በእነርሱ ውስጥ ራሱን ያያል። በኢትዮጵያም «የቀን ቅኝት» የተባለው የአማርኛ የሬዲዮ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 ድረስ በ257 ክፍሎች የቀረበው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ ያስተማረ ሲሆን አድማጮቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ልከውለታል። እንዲህ ያለውን ሥራ ስብከት ነው ብሎ መናቅ ሰው በዕውቀት ማነስ በሚሞትበት አገር የሚያምር አቋም አይደለም። አንድ ሰው በጥንቃቄ ጉድለት ቫይረሱ ሲይዘው ማሳየት ከድርጊት የበቀለ ውጤትን ማሳየት ነውና የአርስቶትልንም መለኪያ ያልፋል።

አደጋው የሚገኘው ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ነው፤ ውጤት የሆነው ሕመም ቅጣት ሆኖ ሲጻፍ ነው። ቫይረሱ በቅጣት መልክ ዘማዊውን ብቻ እየመረጠ በሚይዝበት ድራማ ያደገ ተመልካች ጎረቤቱ የታመመ ዕለት የኤልፋዝን ጥያቄ ይዞ ወደ አልጋው ይቀርባል፤ ምን አድርጎ ነው ይላል። በባሏ ምክንያት የተያዘችውን ሚስት፣ ከእናቱ የወረሰውን ሕፃን በዚያ ድራማ ውስጥ የሚያስቀምጥበት ቦታ አይኖረውም። በኢትዮጵያ በኤች አይ ቪ የተያዙ ሰዎች ለዓመታት የተሸከሙት መገለል ከአንድ ምክንያት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሆኖም ሕመምን የፍርድ ማስረጃ አድርጎ የማየት ልማድ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር፤ ይህን ልማድ ድራማ ሊያጸናውም ሊሰብረውም ይችላል። ስለዚህ ለጤና ትምህርት የሚጻፍ ድራማ ጸሐፊዎችን የሚያሠለጥን ሰው ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ሊያስተምር የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ሠልጣኙ ክፉ ሥራ ምን እንደሚያስከትል በድፍረት ይጻፍ፣ ከውጤቱ ተነሥቶ ግን ሰውየው ማን እንደነበረ እንዲፈረድ መንገድ አይክፈት።

የአማርኛ አንባቢ በጎ ሰው ያለ ካሣ የሚጠፋበትን ታሪክ መሸከም አይችልም የሚለው ሥጋት በታሪክ የተደገፈ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልንና ጉዱ ካሣን ሦስቱንም ለመቃብር አሳልፎ ይሰጣል፤ አንዳቸውም ለቅንነታቸው የሚገባቸውን አላገኙም። ደራሲው መብረቅ አላወረደም፤ ሰዎቹን ያጠፋቸው በዘር የመኩራራት፣ በስእለት የመታሰርና በሥልጣን የመመካት ሥርዓት ሲሆን ያም ሥርዓት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሲሠራ ይታያል። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው በየቤቱ ተሰብስቦ ያዳመጠው ሕዝብ ደግነት አያዋጣም የሚል ትምህርት ይዞ አልሄደም፤ ያዘነው ደግነትን በግልጽ ስላየው ነው። ይህን መጽሐፍ የሚወድድ ሠልጣኝ በራሱ ጽሑፍ ላይ ሲደርስ ደግ ገጸ ባሕርዩን ሁሉ ለመሸለም መቸኮሉ ከልምድ ማነስ የመጣ ነው፤ በአንባቢነቱ የሚያውቀውን በጸሐፊነቱ ገና አላመነውም።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ስለ ደጉ ሰው ዋጋ ማጣት ነው። የድርሰት ፍትሕ ደንብ ግን በሌላም ወገን ይፈርሳል፤ ይኸውም ክፉው ሰው የሚገባውን ቅጣት ሳይቀበል ሲቀር ነው። ለዚህ ከበላዔ ሰብእ ታሪክ የሚበልጥ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በተአምረ ማርያም እንደሚተረከው የቅምር አገር ሰው የሆነው በላዔ ሰብእ ቤተሰቦቹን ጨምሮ 78 ነፍሳት በልቷል፤ በሕይወቱ የሠራው አንድ በጎ ሥራ በእመቤታችን ስም ለለመነው ውኃ ለጠማው ለምጻም ጥርኝ ውኃ መስጠቱ ነው፤ ያውም ለምጻሙን በወጉ ያላረካ ውኃ ነበር። ነፍሱ ለፍርድ ስትቀርብ 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፣ ጥርኝ ውኃው በሌላ ወገን ሚዛን ላይ ይቀመጣሉ፤ በእመቤታችን አማላጅነት ውኃው ሚዛን ይደፋል። ታሪኩ የካቲት 16 ቀን በሚከበረው በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚታሰብ ሲሆን በየአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ላይም ሲሣል ኖሯል። የሥልጠናው ደንብ ሁሉ በዚህ ታሪክ ላይ አይሠራም፤ ገጸ ባሕርዩ ቀስ በቀስ አልተለወጠም፣ ጸጸቱ በትዕይንት አልተዘጋጀም፣ የተሰጠው ሥራውን የሚመጥን አይደለም። ታሪኩ የሚናገረው ስለ ፍትሕ ሳይሆን ስለ ምሕረት ነው፤ ምሕረት ደግሞ በባሕርይዋ ከሚገባው በላይ የምትሰጥ ስለሆነች በሒሳብ ልትገኝ አትችልም።

አንድ ሠልጣኝ ይህን አብነት አድርጎ ግፈኛ ገጸ ባሕርዩን በመጨረሻ ይቅር ሊለው ቢነሣ፣ አሠልጣኙ ሊከለክለው አይገባም፤ ሊጠይቀው የሚገባው ግን 78ቱ የት አሉ ብሎ ነው። በድራማ ውስጥ ርካሽ የሆነ ይቅርታ የሚጻፈው የተበደሉት ሰዎች ከመካከለኛው ክፍል በኋላ ሳይታዩ ሲቀሩ ነው፤ ገዳዩ ያለቅሳል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ የሟቾቹ ስም አይነሣም፤ ተመልካቹም ይቅር ያለው ረስቶ እንደሆነ አያስተውልም። የበላዔ ሰብእ ታሪክ እንዲህ አያደርግም። 78ቱ በቁጥር ተቆጥረው በሚዛኑ ላይ አሉ፤ ክብደታቸው አልተቀነሰም፤ ምሕረቱ የመጣው ይህ ሁሉ በፊት ለፊት ቆሞ እያለ ነው። ስለዚህ ሠልጣኙ ይቅርታውን ከመጻፉ አስቀድሞ የተበደለችው ሴት ወይም የሟቹ ወንድም በዚያው ክፍል ውስጥ ተገኝተው የሚናገሩበትን ትዕይንት መጻፍ ይኖርበታል፤ ይቅር እንዲሉም ሊያስገድዳቸው አይችልም፤ የሚሉትን ብለው እስኪጨርሱ ድረስ ቃለ ተውኔታቸውን ማሳጠርም ሆነ ለገዳዩ በሚያመች መንገድ ማለስለስ የለበትም።